ከእንግዳ ቤት ወደ ሐኪም ቤት
የአውሮፓ ሆስፒታሎችና ሐኪሞች በሦስት መቶ ዓመት ውስጥ እንዴት እንደ ተለወጡ

በአማርኛ «ሐኪም ቤት» የሚባለውን ሥፍራ የአውሮፓ ሕዝቦች «ሆስፒታል»፥ ኢጣሊያኖችም «ኦስፔዳሌ» ይሉታል። የሁለቱ ስም ትርጕም ግን አንድ አይደለም። አማርኛው ቤቱን በሐኪሙ ስም ይጠራዋል፤ የላቲኑ ቃል ግን መነሻው «እንግዳ» ማለት ስለ ሆነ ቤቱን የሚጠራው በሚቀበለው ሰው ስም ነው። በእርግጥም በመካከለኛው ዘመን የነበረው ሆስፒታል የእንግዳ ቤት ነበር። ይህ የእንግዳ ቤት የሐኪም ቤት እስኪሆን ድረስ ከ15ኛው ምእት ዓመት አንሥቶ እስከ 18ኛው ምእት ዓመት ፍጻሜ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል። ለውጡን ያመጣው ብዙ ሰው እንደሚገምተው የመድኃኒት መሻሻል አይደለም፤ መድኃኒቱማ በዚያ ዘመን ሁሉ ከቀድሞው እምብዛም አልተለየም። ለውጡን ያመጡት የአስተዳደር ደንብ፥ የሒሳብ መዝገብና የታወቀ የገቢ ምንጭ ናቸው፤ ከዚያም በኋላ ሐኪሙ ከመጽሐፉ ተነሥቶ ወደ አልጋው መቅረቡ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የቀድሞው ሆስፒታል በገዳም አጠገብ፥ በድልድይ ራስ ወይም በከተማ በር የተሠራ፥ ለነፍስ ዋጋ ተብሎ በተሰጠ ርስት የሚተዳደር ቤት ነበር። የሚጠለልበትም የታመመ ሰው ብቻ አልነበረም፤ ወደ ሮማ የሚሄድ ተሳላሚ፥ ጧሪ የሌለው ሽማግሌ፥ መበለት፥ የተጣለ ሕፃን፥ የመሸበት መንገደኛ ሁሉ በአንድ ጣራ ሥር ያድር ነበር። በዚያም ምግብ፥ ሙቀትና ጸሎት ያገኛል፤ ሐኪም ማግኘቱ ግን የዕድል ነገር ነበር። ሀብት ያለው ሰው በታመመ ጊዜ ሐኪሙን ወደ ቤቱ ያስጠራል እንጂ ወደ ሆስፒታል አይሄድም፤ ወደዚያ መግባት የድኽነት ምልክት ነበርና።

ይህን ልማድ አስቀድመው የለወጡት ገንዘብና ሒሳብ የለመዱት የኢጣሊያ የንግድ ከተሞች ናቸው። በፊሬንዜ ከተማ ሳንታ ማሪያ ኑኦቫ የተባለውን ሆስፒታል በ1288 ያቆመው ፎልኮ ፖርቲናሪ የተባለ ባለጸጋ ነው። ቤቱ ሲመሠረት ከሌሎቹ ብዙ የሚለይ አልነበረም፤ በ1500 ገደማ ግን ደንቡ በውጭ አገር ነገሥታት ዘንድ እንኳ የሚፈለግ ሆነ። በዚያ ደንብ መሠረት ከከተማው ሐኪሞች በሙያቸው የታወቁ ስድስት ሰዎች በየማለዳው እየመጡ ሕሙማኑን ይጐበኛሉ፤ ሦስት ወጣት ሐኪሞች ደግሞ በዚያው በቤቱ ውስጥ እየኖሩ የእያንዳንዱን በሽተኛ ሁኔታ ለታላላቆቹ ያስታውቃሉ። የእንግሊዝ ንጉሥ ሄንሪ 7ኛ በለንደን ሳቮይ የተባለውን ሆስፒታል ለማሠራት ባሰበ ጊዜ የዚህን ቤት ደንብ በምሳሌነት ወስዷል።

በ1510 እና በ1511 መካከል ወደ ሮማ የተጓዘው ጀርመናዊው መነኵሴ ማርቲን ሉተር፥ በኋላ ከሮማ ቤተ ክርስቲያን ተለይቶ በኢጣሊያ ያየውን ብዙ ነገር ቢነቅፍም፥ የፊሬንዜን ሆስፒታሎች ግን በአድናቆት ያነሣ ነበር። የሕንጻውን ውበት፥ የምግቡን ጥራት፥ የአልጋውን ንጽሕና፥ የአስታማሚዎቹን ትጋት አመስግኗል። የአስተዳዳሪን ሰው ዓይን የሚስበው ግን ሌላው ነገር ነው። በሽተኛው ሲገባ ልብሱን የሚያወልቀው በውል ጸሓፊ ፊት ነው፤ ጸሓፊውም ልብሱን በዝርዝር መዝግቦ በጥንቃቄ ያስቀምጥለታል፤ በሽተኛውም ነጭ የቤቱን ልብስ ለብሶ ንጹሕ አልጋ ላይ ይተኛል። የአንድ ድኻ ቀዳዳ ካባ በመዝገብ መጻፉ ትንሽ ነገር ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ቀዳዳውን ካባ የሚመዘግብ ቤት የሰውየውን ስም፥ የገባበትን ቀን፥ የወጣበትን ወይም የሞተበትን ቀን መመዝገቡ አይቀርም። ስሙና ቀኑ የተመዘገበ በሽተኛ ከሞተ ደግሞ «በምን ሞተ?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ቀን ይነሣል።

ሳንታ ማሪያ ኑኦቫ መዝገቡ የታመነ ስለ ነበረ የከተማው ሰው ገንዘቡን ጭምር በአደራ ያስቀምጥበት ነበር፤ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺና ሚኬላንጄሎ ከአስቀማጮቹ መካከል ናቸው። ሊዮናርዶ በዚሁ ቤት ሌላም ጉዳይ ነበረው። በ1507 ማለቂያ ወይም በ1508 መጀመሪያ፥ በብርዱ ወራት፥ አንድ ሽማግሌ አልጋው ላይ ተቀምጦ ዕድሜው ከመቶ ዓመት በላይ መሆኑን፥ ከድካም በቀር ምንም ሕመም የማይሰማው መሆኑን ነገረው፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላም ያለ አንዳች ጣር ዐረፈ። ሊዮናርዶ የዚህን የመሰለ ቀላል ሞት ምክንያት ለማወቅ ሬሳውን ከፍቶ መረመረ፤ ልብን የሚመግበው የደም ሥር ደርቆና ጠብቦ አገኘው። ይህንም በማስታወሻው ጻፈ፤ ማስታወሻው ግን በዘመኑ ሳይታተም ስለ ቀረ ለሐኪሞቹ የጠቀማቸው ነገር የለም። ድኻው በነጻ አልጋ ያገኘበትን ዋጋ በሬሳው መክፈሉ ከዚያ ወዲህ እየሰፋ ሄደ፤ የሆስፒታል ታሪክ በሚነገርበት ጊዜ ይህ የውለታው ዋጋ ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

በሚላኖ የሆነው ደግሞ ይበልጡን የመንግሥት ሥራ ነበር። መስፍኑ ፍራንቼስኮ ስፎርዛና ሚስቱ ቢያንካ ማሪያ ቪስኮንቲ በ1456 ኦስፔዳሌ ማጆሬ፥ ማለትም ታላቁን ሆስፒታል፥ አቆሙ፤ በከተማው ተበታትነው የነበሩት የትናንሾቹ ሆስፒታሎች ርስትና ገቢም በአንድ አስተዳደር ሥር ተጠቃለለ። ሕንጻውን የነደፈው ፊላሬቴ በሚል ስም የታወቀው ባለሙያ ነው። የሕሙማኑን አዳራሾች በመስቀል ቅርጽ አድርጎ በመገናኛቸው ላይ መሠዊያ እንዲቆም አደረገ፤ በሽተኛው ከአልጋው ሳይነሣ ቅዳሴውን ያይ ዘንድ። ከዚህ ይልቅ የሚደነቀው መጸዳጃው ነው። በአልጋዎቹ አጠገብ በግድግዳው ውስጥ የተሠራው መጸዳጃ በሥሩ ከከተማው ቦይ የተጠለፈ ውኃ እየፈሰሰ ያጥበው ነበር፤ ይህም በዚያን ጊዜ በብዙ ቤተ መንግሥት እንኳ የማይገኝ ነገር ነው። ታላቁ ሆስፒታል የሚቀበለው ድንገት የታመመውንና ሊድን የሚችለውን ሰው ሲሆን፥ ሕመሙ ሥር የሰደደበት ሰው ወደ ትናንሾቹ ቤቶች ይላክ ነበር። ሊድን የሚችለውን ከማይችለው መለየት የእንግዳ ተቀባይ ሥራ አይደለም፤ የሐኪም ሥራ ነው። ሐኪሙ በቤቱ ላይ ሥልጣን ያገኘው በዚህ በር ገብቶ ነው ማለት ይቻላል። ሕንጻው በ1943 በአውሮፕላን ቦምብ ክፉኛ ተጐድቶ ከታደሰ በኋላ ዛሬ የሚላኖ ዩኒቨርሲቲ ነው።

ለዚህ ሁሉ ገንዘቡ ከየት መጣ? ከርስቱ ገቢ ሌላ፥ ጳጳሱ ፒዮስ 2ኛ በፈቀዱት መሠረት በየሁለት ዓመቱ በብሥራት ቀን «የይቅርታ በዓል» ይከበራል፤ ሕዝቡም የኀጢአት ሥርየት ለማግኘት ለሆስፒታሉ ገንዘብ ይሰጣል። ከፍ ያለ ሀብት ያወረሰ ሰውም ሥዕሉ ተሥሎ በሆስፒታሉ ይሰቀልለታል። የእነዚህ የነጋዴዎችና የመኳንንት ሥዕሎች እስከ ዛሬ ድረስ ተጠብቀው ይገኛሉ። ነገሩን ከንቱ ውዳሴ ነው ብሎ የሚነቅፍ ይኖር ይሆናል፤ ከንቱ ውዳሴው ግን ለብዙ ድኻ አልጋ ሆኗል።

የፈረንሳይ ንጉሥ ሻርል 8ኛ ወደ ኢጣሊያ ዘምቶ በ1495 ናፖሊን ከያዘ በኋላ፥ ቀድሞ ያልታወቀ የሚመስል አስከፊ በሽታ በሠራዊቱ መካከል ተነሣ። ኢጣሊያኖች «የፈረንሳይ በሽታ»፥ ፈረንሳዮች «የናፖሊ በሽታ» አሉት፤ ቂጥኝ የሚባለው ነው። ታላላቆቹ ሆስፒታሎች ይህን በሽተኛ አንቀበልም ስላሉ «ኢንኩራቢሊ»፥ ማለትም የማይድኑት፥ የተባሉ ልዩ ሆስፒታሎች ተቋቋሙ፤ በሮማ በ1515፥ በቬኔዚያና በናፖሊ በ1522። ስማቸው ተስፋ የሚያስቈርጥ ቢሆንም ሐኪሞች አዲስ መድኃኒት የሚሞክሩባቸው ቤቶች እነዚህ ነበሩ። ከአዲሲቱ ዓለም በመርከብ የሚመጣው ጓያኮ የተባለው እንጨት እየተፈላ ይጠጣ ነበር፤ ነጋዴዎች ከበሩበት፥ በሽተኛው ግን አልዳነበትም። ባዜቃ የተቀላቀለበት ቅባትም ቍስሉን ቢያደርቅ ጥርሱን ያረግፍ ነበር። በሮማው ቤት እግሩ ቈስሎ የገባው ካሚሎ ዴ ሌሊስ የተባለ ቁማርተኛ ወታደር የአስታማሚዎቹን ቸልተኝነት ራሱ ቀምሶ ስላየ፥ በኋላ ተመልሶ ሕሙማንን ማገልገል ብቻ ሥራው የሆነ ማኅበር አቋቋመ፤ ማኅበሩም በ1586 ጸደቀ። ደመወዝ ያልሳበው፥ ነገር ግን ሥልጠናና ሥነ ሥርዓት ያለው አስታማሚ የሆስፒታሉ አንድ ክፍል የሆነው በእንደዚህ ያሉ ማኅበሮች አማካይነት ነው።

ሌላው አዲስ ቤት ነጋዴን በቅርብ የሚነካ ነው። የቸነፈር ወረርሽኝ በመርከብ እንደሚገባ በባሕር ዳር ያሉ ከተሞች ቀድመው ተረድተው ነበር። የራጉዛ ከተማ በ1377 ከተበከለ አገር የመጣ ሰው ሠላሳ ቀን ተለይቶ እንዲቆይ ደነገገች፤ በኋላም ቀኑ ወደ አርባ ከፍ ስላለ፥ በኢጣሊያኖች ቋንቋ «ኳራንታ» አርባ ማለት ነውና፥ ሥርዓቱ ኳራንቲና ተባለ። ቬኔዚያ በ1423 በከተማዋ አጠገብ ባለች ደሴት ላይ ለቸነፈር በሽተኞች ላዛሬቶ የተባለውን ሆስፒታል አቆመች፤ በ1468 ደግሞ ለተጠረጠሩ ሰዎችና ዕቃዎች ሁለተኛውን ጨመረች፤ ጥቂት ቈይቶም ቋሚ የጤና ሹማምንት ሾመች። ሹማምንቱ ከመኳንንቱ የተመረጡ አስተዳዳሪዎች ነበሩ፤ ሐኪሞች አልነበሩም። በየወደቡ ካሉ ወኪሎቻቸው ወሬ ይሰበስባሉ፤ የጤና ወረቀት የሌለውን መርከብ ይመልሳሉ፤ የሱፍና የጥጥ ጥቅል እየተፈታ በነፋስ እንዲናፈስ ያዛሉ። ብዙዎቹ ሐኪሞች ስለ አየር መበላሸት ሲከራከሩ ሹማምንቱ ጥቅሉን ያስፈቱ ነበር። የበሽታው ሕዋስ የታወቀው በ1894 ሲሆን፥ ከአይጥ ወደ ሰው የሚያሸጋግረው ቍንጫ መሆኑ የተረጋገጠውም ከዚያ በኋላ ነው፤ በጥቅሉ ውስጥ ሊሸሸግ የሚችለውም ይኸው ቍንጫ ነው። ሹማምንቱ ምክንያቱን ሳያውቁ ልምዳቸው ወደ እውነቱ መርቷቸዋል።

ደንቡ ሲጠበቅ ምን እንደሚያደርግ አይታይም፤ ሲጣስ ግን ይታያል። ማርሴይ ከሶርያና ከቱርክ ወደቦች ጋራ የሚደረገው የፈረንሳይ ንግድ ዋና በር ስለ ነበረች፥ ላዛሬቶዋ በአውሮፓ ከተመሰገኑት አንዱ ነበር። የጤና ሹማምንቱም ከከተማው ነጋዴዎች መካከል የሚመረጡ ነበሩ። በግንቦት 1720 ግራን ሴንት አንቷን የተባለች መርከብ ሐርና ጥጥ ጭና ከሶርያ ወደቦች መጣች። በጕዞዋ ላይ አንድ መንገደኛና ብዙ መርከበኞች፥ የመርከቡ ሐኪም ጭምር፥ ሞተው ነበር፤ የሊቮርኖ ወደብም አልቀበልም ብሎ መልሷታል። ደንቡ እንደዚህ ያለች መርከብ ከከተማው ርቃ በጃር ደሴት እንድትቆይ ያዛል። ሆኖም ከጭነቱ የከፊሉ ባለቤት የከተማው ቀዳሚ ሹም ኤስቴል ነበር፤ የቦኬር ታላቅ ገበያም ሐምሌ ውስጥ የሚውል ስለ ሆነ ጊዜው ተጣቦ ነበር። ዋጋው ከፍ ያለው ዕቃ ወደ ደሴቲቱ በመሄድ ፈንታ በከተማው ዳር ባለው ላዛሬቶ እንዲራገፍ ተፈቀደ። ጥቂት ቀን ሳይቈይ ጥቅሉን የሚፈቱት ተሸካሚዎች መሞት ጀመሩ። ሹማምንቱም የወደቡ ስም እንዳይጠፋ በሽታውን ተራ ንዳድ ነው እያሉ ጊዜ አባከኑ፤ እውነቱን የተናገሩት ሐኪሞችም በሕዝቡ ተሰደቡ።

በዚያ በጋ ከ90 ሺህ የማያንሱ ነዋሪዎች ከነበሯት ከተማ ወደ 40 ሺህ የሚያህል ሰው አለቀ። ሬሳው በየመንገዱ ተከምሮ፥ ከመርከብ ቀዛፊ እስረኞች በቀር የሚያነሣው ጠፋ። ለገበያ የተቸኰለለት ሐርና ጥጥ ከመርከቧ ጋራ በመንግሥት ትእዛዝ ተቃጠለ፤ ገበያውም ለማርሴይ ነጋዴ ተዘጋ። የመርከቧ አዛዥ ሻቶ እስከ 1723 ታስሮ ተፈታ። ኤስቴል ግን በወረርሽኙ ጊዜ ከተማውን ትቶ ባለመሸሹ ተመስግኖ የመኳንንት ማዕረግ ተሰጠው። ሰውየው በእርግጥ በሥራው ላይ ቆሞ ታግሏል፤ ጭነቱም በእርግጥ የእርሱ ነበር። ሁለቱም በአንድ መዝገብ ላይ ይገኛሉ።

እስካሁን የተነገረው ስለ ቤቱ ነው። ሐኪሙስ ማን ነበር? በዚያ ዘመን በአንድ በሽተኛ ዙሪያ ሦስት ዓይነት ሰዎች ይቆሙ ነበር። የመጀመሪያው በዩኒቨርሲቲ በላቲን የተማረው ዶክተር ነው፤ ሽንቱን አይቶ፥ የደም ሥሩን ዳስሶ፥ ከጋሌንና ከኢብን ሲና መጻሕፍት ጠቅሶ ያዝዛል፤ እጁን ግን በደም አያቈሽሽም። ሁለተኛው ቀዶ ጠጋኙ ነው፤ ከጠጕር ቆራጭ ጋራ በአንድ ማኅበር ተመዝግቦ፥ ደም ይበጣል፥ ቍስል ያጥባል፥ ጥርስ ይነቅላል፥ እንደ ወጌሻም የተሰበረ አጥንት ይጠግናል። ሦስተኛው መድኃኒት ቀማሚው ነው፤ በሱቁ ቅመማ ቅመም ከሚሸጠው ነጋዴ ብዙም የማይለይ ነበር። እነዚህ ሦስቱ በማዕረግ፥ በልብስና በቋንቋ ተለያይተው እርስ በርሳቸው ይካሰሱ ነበር። ስለዚህ መንግሥታት ጣልቃ ገቡ። በብዙ የኢጣሊያ ግዛቶች ፕሮቶሜዲኮ የተባለ ሹም ፈቃድ ይሰጣል፥ ሱቆችን ይመረምራል፥ የተበላሸ መድኃኒት የሸጠውን ይቀጣል። በፊሬንዜ በ1499 የታተመው የመድኃኒት አቀማመም መጽሐፍም ለቀማሚዎቹ ሁሉ አንድ መለኪያ እንዲሆን የታሰበ ነው። በለንደን የሐኪሞች ኮሌጅ በ1518 ሲቋቋም መሪው በፓዶቫ ተምሮ የተመለሰው ቶማስ ሊናክር ነበር። ፓዶቫ የቬኔዚያ ግዛት ናት፤ ጳጳሱ በ1564 ዲግሪ የሚቀበል ሁሉ የካቶሊክን ሃይማኖት እንዲምል ባዘዙ ጊዜ፥ ቬኔዚያ ከሌላ አገርና ሃይማኖት የሚመጣውን ተማሪ ማጣት ስላልፈለገች ዘዴ ፈልጋ፥ በ1616 በመንግሥት ሥልጣን ያለ መሐላ ዲግሪ የሚሰጥበትን ጉባኤ አቋቋመች።

ፈቃዱ ግን ከአገሩ ወሰን አልፎ የሚከተለው ሐኪም ጥቂት ነበር። በካይሮ ይኖር የነበረው ፈረንሳዊው ሻርል ፖንሴ በ1699 አፄ ኢያሱን ለማከም ጐንደር ገብቶ በ1700 በምጽዋ በኩል ሲመለስ፥ ሥራውን የመዘነለት ጉባኤ አልነበረም። የገዛ አገሩ ሰዎች ግን በኋላ «ሐኪም ነው ወይስ መድኃኒት ቀማሚ?» እያሉ ተከራክረውበታል።

የማዕረጉን ግድግዳ ያናጋው አንድ የጠጕር ቆራጭ ደቀ መዝሙር ነው። አምብሯዝ ፓሬ በፓሪስ ኦቴል ዲዩ ሆስፒታል ሠርቶ በ1537 ከፈረንሳይ ጦር ጋራ ወደ ቶሪኖ ዘመተ። በጊዜው መጻሕፍት የባሩድ ቍስል የተመረዘ ነው ስለሚሉ ቍስሉ በፈላ ዘይት ይተኰስ ነበር። ወጣቱ ፓሬም የታዘዘውን ሲፈጽም ሳለ ዘይቱ አለቀበት። ቸግሮት የዕንቍላል አስኳል፥ የጽጌ ረዳ ዘይትና ተርፐንታይን ቀላቅሎ የቀሩትን ቀባቸው። ያልተተኰሱት በመርዙ ሞተው አገኛቸዋለሁ ብሎ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደውም። ማልዶ ተነሥቶ ቢያይ ቅባቱን የተቀቡት ሕመማቸው ቀሎ ተኝተዋል፤ በዘይት የተተኰሱት ግን በትኵሳትና በእብጠት ይሠቃያሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቍስለኛን በዘይት ላለመተኰስ ወሰነ፤ ያየውንም በ1545 በመጽሐፍ አሳተመ። የጻፈው ላቲን ስላልተማረ በፈረንሳይኛ ነው። የድርሰቶቹ ስብስብ በ1575 በወጣ ጊዜ የፓሪስ የሕክምና ፋኩልቲ ሊያስከለክለው ሞከረ። የተቃውሞውም ምክንያት የዕውቀት ጕድለት ብቻ አልነበረም፤ ዕውቀቱ በገበያ ቋንቋ መነገሩ ጭምር ነበር። ሕዝብ በሚሰማው ቋንቋ የተጻፈ ትምህርት ሁልጊዜ የሚቈጡበት ሰዎች አሉት።

የተማሩት ሐኪሞች በበኩላቸው እጃቸውን ማቈሸሽ የጀመሩት በፓዶቫ ነው። አንድርያስ ቬሳልዮስ በ23 ዓመቱ ገደማ በዚያ መምህር ሆኖ፥ መምህሩ ከመንበሩ መጽሐፍ ሲያነብ ጠጕር ቆራጩ ሬሳ የሚቀድበትን ልማድ ትቶ ሬሳውን በገዛ እጁ ቀደደ። ጋሌን የጻፈው ብዙ ነገር ከሰው ሳይሆን ከእንስሳ አካል የተወሰደ መሆኑንም አስረዳ፤ ታላቅ መጽሐፉ በ1543 ታተመ። በዚያው ጊዜ ገደማ ጆቫኒ ባቲስታ ዳ ሞንቴ የተባለው የፓዶቫ መምህር ተማሪዎቹን ወደ ሳን ፍራንቼስኮ ሆስፒታል እየወሰደ በበሽተኛው አልጋ አጠገብ ያስተምር ነበር። ይህ ልማድ በፓዶቫ ተምረው በተመለሱ ሰዎች በኩል ወደ ሆላንድ ደረሰና በላይደን ከተማ በ1636 ሥራ ላይ ዋለ። በዚያው ከ1714 ጀምሮ ሄርማን ቡርሃቬ በአሥራ ሁለት አልጋዎች ብቻ፥ ስድስቱ ለወንዶች ስድስቱ ለሴቶች፥ ከመላው አውሮፓ የመጡ ተማሪዎችን አስተማረ። ደቀ መዛሙርቱ ትምህርቱን ወደ ቪየናና ወደ ኤድንብራ ወሰዱት። ከአሥራ ሁለት አልጋ ይህን ያህል የወጣበት ቤት ብዙ አይገኝም።

በእንግሊዝ አገር ገዳማት በ1536 እና በ1540 መካከል በተዘጉ ጊዜ ብዙ ሆስፒታሎች አብረው ጠፍተው ነበር። በ18ኛው ምእት ዓመት ቦታቸውን የያዙት በነጋዴዎች መዋጮ የቆሙት ናቸው። ቶማስ ጋይ የተባለ የለንደን መጽሐፍ ሻጭ የደቡብ ባሕር ኩባንያ አክሲዮኖቹን ዋጋቸው ከመውደቁ በፊት በ1720 ሸጦ በብዙ እጥፍ አተረፈ፤ በትርፉም በስሙ የሚጠራውን ሆስፒታል አሠርቶ፥ ሥራውን ሲጀምር ሳያይ በ1724 ሞተ። በሌሎቹ ቤቶች ደግሞ በየዓመቱ የተወሰነ ገንዘብ የሚያዋጣ ሰው በሽተኛ በደብዳቤ የማስገባት መብት አለው፤ የዓመቱም ሒሳብ ታትሞ ይቀርብለታል። ይህ አሠራር ንጹሕና ቍጥብ ነበር። ነገር ግን ተላላፊ በሽታ ያለበትን፥ ሊድን የማይችለውን፥ ደብዳቤ የሚጽፍለት የሌለውን ሰው በሩ ላይ ይመልስ ነበር።

የዚህ ተቃራኒ የፓሪሱ ኦቴል ዲዩ ነው። ይህ ጥንታዊ ቤት አገር፥ ሃይማኖትና የበሽታ ዓይነት ሳይለይ ማንንም አይመልስም፤ ስለዚህም በአንድ ሰፊ አልጋ አራት፥ አንዳንዴም ስድስት ሰው ይተኛል፤ ሕያው ከሬሳ ጋራ ያድራል። በታኅሣሥ 1772 ማለቂያ ሌሊት በእሳት ከተቃጠለ በኋላ ምን ይደረግ የሚለው ክርክር ዓመታት ፈጀ። የሳይንስ አካዳሚ በ1785 መርማሪዎች ሲሰይም፥ ከነርሱም መካከል ላቯዚዬና ላፕላስ ሲገኙበት፥ የቤቱ አስተዳዳሪዎች በሩንና መዝገቡን ዘጉባቸው። ከመርማሪዎቹ አንዱ ዣክ ቴኖን የተባለ ቀዶ ጠጋኝ ግን ቤቱን ከወጣትነቱ ጀምሮ ያውቀው ነበርና አልጋውን፥ መስኮቱን፥ የደረጃውን ስፋት ሳይቀር ለክቶ የሰበሰበው ማስታወሻ በእጁ ነበር። በ1787 የእንግሊዝን ሆስፒታሎች ዞሮ አየ፤ በ1788ም መጽሐፉን አወጣ። በኦቴል ዲዩ ከአራት ተኩል በሽተኞች አንዱ ሲሞት፥ በኤድንብራ ከሃያ አምስት አንድ ብቻ እንደሚሞት በቍጥር አሳየ። በእርግጥ ኤድንብራ በሽተኛ መርጣ ትቀበላለች፤ ፓሪስ አትመርጥም፤ ሁለቱን ቍጥሮች ጐን ለጐን የሚያቆም ሰው ይህን መዘንጋት የለበትም። ሆኖም በመዝገብ ላይ የሞተው ሰው ቍጥር የቤቱ ሥራ መመዘኛ ሆኖ በአደባባይ ከዋለ በኋላ ምጽዋት ነው ብሎ መሸፈን አልተቻለም።

ቀሪውን አብዮቱ ፈጸመው። በ1793 ለእያንዳንዱ በሽተኛ የየብቻው አልጋ እንዲሰጠው ታዘዘ፤ የቀድሞዎቹ ፋኩልቲዎችና ማኅበሮች ፈርሰው ነበርና፥ በታኅሣሥ 1794 የወጣው ሕግ በፓሪስ፥ በሞንፔሊዬና በስትራስቡር ሦስት የጤና ትምህርት ቤቶችን አቋቋመ። የዶክተሩና የቀዶ ጠጋኙ ትምህርት አንድ ሆነ፤ ትምህርቱም በፈረንሳይኛና በሆስፒታል አልጋ አጠገብ እንዲሰጥ ተወሰነ። ለፓሪሱ ትምህርት ቤት የተመደቡት ተማሪዎች ሦስት መቶ ሲሆኑ፥ ከየአውራጃው አንድ አንድ ተመርጠው በመንግሥት ወጪ የሚማሩ ነበሩ።